ይሄ ወንድሙ ነው

በአካል አግኝቼው የማላውቀው፣ መፈጠሬንም ሳያውቅ የሞተ አንድ ፈረንጅ አለ፤ እጠላዋለሁ። ሥራው ካውቦይ ፊልም ላይ መሞት ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ፈረስ ላይ ወጥቶ፣ ተመትቶ ወድቆ፣ ካሜራው ሲጠፋ አቧራውን አራግፎ ቤቱ ሄዷል። የተኮሱበት አሜሪካኖች ናቸው፤ ጦሱ ግን ባሕር አቋርጦ ቦሌ ሚካኤል፣ እኛ ቤት ደረሰ። የሰውየውን ሥራ የማውቀው ከራሱ ቤተሰብ በላይ ይመስለኛል፤ ወድጄ አይደለም።

ፊልም አይቶ ያደገ ያገሬ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እኛ ዘንድ «አክተር» ማለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዋናው፣ ጥይት የማያገኘው፣ መጨረሻ ላይ ልጅቷን ይዞ የሚሄደው። የቀረው ምንም ያህል ቢተውን አክተር አይባልም። አክተር አይሞትም። የኔ ጠላት አክተር ሆኖ አያውቅም። ፊልሙ ሲጀመር መጠጥ ቤት በር ላይ ተደግፎ ጥርሱን በስንጥር ሲጎረጉር ይታያል፤ ፊልሙ ሳይጋመስ ይሞታል። ከፈረስ ብዛት ይሁን ከተፈጥሮው፣ ሲራመድ እግሩ ግራና ቀኝ ይሄዳል። አባቴ ሸፋፋው አለው፤ ሰፈሩም ሸፋፋው አለው።

አባቴ ቪዲዮ ቤት ነበረው። በጋራዦችና በብየዳ ቤቶች መሃል የተሸጎጠ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል ነው። አግዳሚ ወንበሮች፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቴሌቪዥን፣ ከጎኑ ማይክራፎን ይዞ የቆመ አባቴ፤ ሌላ ነገር አልነበረውም። በሌላው ቀን የህንድና የካራቴ ፊልም ያሳያል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ሰው ወደደም ጠላም ካውቦይ ነው፤ በልጅነቱ ሲኒማ ቤት እየተሾለከ ገብቶ ያየው እሱን ነበርና። ካሴቱን የሚያመጣለት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሻንጣ የሚጭን ጎረቤታችን ነው።

አባቴ ፊልሙን ቆሞ ይተረጉማል። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ግን እንዳይመስላችሁ። የሰዎቹን አፍና ዓይን እያየ ከሆዱ ይፈጥራል። ሸሪፉ አፉን ሲከፍት የወሎ ሽማግሌ ሆኖ፣ ተው አንተ ልጅ፣ በሰው አገር እንዲህ አይኮንም ብሎ ይመክራል። ልጅቷ መስኮት ላይ ቆማ ስታለቅስ፣ አባቴ ድምፁን አቅጥኖ፣ እኔስ ወንድም የለኝ፣ ለማን ልንገረው ይላል። ሹፌሩም ወያላውም በያጁም ይሄን ለመስማት ነበር የሚመጣው። ፊልሙ ባዶውን ቢሆን ማንም አያየውም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሸፋፋው ተመትቶ፣ ገደል ገብቶ፣ አሞራ ሳይቀር ዞሮበት ሞተ። በሳምንቱ ሌላ ካሴት ገባ። ገና ሲጀምር ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ሸፋፋው፤ ያው ኮፍያ፣ ያው ስንጥር። ከኋላ የተቀመጠ አንድ መካኒክ ተነስቶ ተቃወመ። ይሄ ሰውዬ ባለፈው ሳምንት ሞቷል እኮ፣ ሞኝ ልታደርገን ነው ወይ አለ። ሰው ተንጫጫ። አባቴ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠጋና፣ በዚያ የሬዲዮ ዜና አንባቢ በሚመስል ድምፁ ተናገረ።

«የሞተውማ ሞቷል። ይሄ ወንድሙ ነው።»

አንዱ፣ ደም ሊመልስ ነዋ የመጣው አለ። ሌላው፣ ሲመሳሰሉ ግን ጉድ ነው አለ። መካኒኩም ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ ማቆሚያ ጠፋ። ሸፋፋው በሞተ ቁጥር ወንድም ይወለድለታል። ጢም አሳድጎ የመጣበት ፊልም ላይ የበኩር ልጁ ሆነ፤ ሸብቶ የመጣበት ላይ አጎታቸው ሆነ። ጥቁርና ነጭ ፊልም የገባ ቀን አባቴ ቅንጣት ሳይደነግጥ፣ ይሄ ዓለም ከለር ከመሆኑ በፊት የነበረው አባታቸው ነው አለ። የሸሪፍ ኮከብ ደረቱ ላይ ለጥፎ ሲመጣ ደግሞ ወገኑን ክዶ መንግሥት ቤት የገባው ወንድም ተባለ፤ ሲገደል ማንም አላዘነለትም። የወንድማማቾቹ እናት በአንድም ፊልም ላይ ታይታ አታውቅም፤ ከቪዲዮ ቤቱ አጠገብ ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ግን፣ የዚያች እናት አንጀት ምን ይል ይሆን እያለች ከንፈሯን ትመጥላት ነበር። አባባሉም ሰፈር ገባ። ትናንት ሰክሮ የተሳደበ ሰው ዛሬ ሰላም ሲላቸው ጎረምሶቹ፣ ያኛው ሞቷል፣ ይሄ ወንድሙ ነው ይባባላሉ። እኔም ከፊት አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እስቅ ነበር። ሰባት ዓመቴ ነበር።

እናቴ የታመመችው በዚያው ዓመት ነው። ሆስፒታል ገባች፣ ወጣች፣ ደግማ ገባች፤ አንድ ጠዋት ሞተች። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበረች። እኛ ሙስሊሞች ዘንድ ሬሳ አያድርም፤ ሴትና ሕፃን ደግሞ ለቀብር አይወጣም። ስለዚህ ሬሳዋንም መቃብሯንም አላየሁም። ከጎረቤት ቤት ስመለስ ቤታችን በሰው ተሞልቶ ጠበቀኝ፤ የት ሄደች ስላቸው ሩቅ አገር ሄዳለች አሉኝ። አባቴ ግድግዳው ጥግ ተቀምጦ ምንጣፉን ያያል። ለሰባ ሰው በሰባ ሰው ድምፅ የሚያወራው ሰውዬ ለኔ አንድ ቃል ጠፋው። እኔም በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሩቅ አገር የሄደችውን መጠበቅ ያዝኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል ጠበቅኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በቀጭኑ መንገድ እናቴ መጣች። ቁመቷ፣ አረማመዷ፣ ሻርፗን አገጯ ሥር የምትቋጥርበት አቋጣጠር፣ ሁሉም የእናቴ ነው። ሮጬ ጉልበቷ ላይ ተጠመጠምኩና መጣሽ እማዬ አልኳት። የእናቴ ታናሽ እህት ነበረች፤ ከደሴ እኔን ልታሳድግ የመጣች፣ ከዚያ በፊት አይቻት የማላውቃት። ደርቃ ቀረች። ከኋላዬ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። የቤቱን ድምፅ አይደለም፤ የማይክራፎኑን።

«የሞተችውማ ሞታለች። ይቺ እህቷ ናት።»

የእናቴ መርዶ የተነገረኝ እንዲህ ነው። በሸፋፋው ቋንቋ። በር ላይ ሁለት ጎረቤቶች ቆመው ነበር፤ አንደኛው ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ዓይኔ አይቷል። በሱ አልፈርድም፤ ሰፈሩ ሲስቅበት የከረመ ቃል ነው፣ ሳያስበው መጥቶበት ይሆናል። በአባቴ ግን ፈረድኩበት። እስካሁንም ስጽፈው የሚይዘኝ ሐዘን አይደለም፣ ንዴት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን አንቱ አልኩት። እስከዚያ ድረስ እንደማንኛዋም ልጅ አንተ ነበር የምለው። ሰፈሩ ጨዋ ልጅ፣ ሥርዓት የያዘች ብሎ አመሰገነኝ፤ የጎረቤት እናቶች ለልጆቻቸው ምሳሌ አደረጉኝ። ጨዋነት አልነበረም። ያንን ሰው ከኔ ማራቂያ ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ነው። የገባት አክስቴ ብቻ ናት። አንድ ቀን ስሰግድ አይታ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አለችኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት። ትምህርቴን ጨርሼ አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ክፍል ስቀጠር እሷ ወደ ደሴ ተመለሰች፤ እኔና አባቴ አንድ ጣሪያ ሥር ሆድና ጀርባ ሆነን ቀረን። እዚህ ወረቀት ላይ አይሰማኝምና እሱ እያልኩ እጽፋለሁ። ፊት ለፊቱ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይስተኝ፣ እርስዎ ነው።

አሁን የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ቪዲዮ ቤቱ ከፈረሰ ቆየ። አባቴ ወደ ሰማንያው ተጠግቷል፤ ስኳር አለበት። ስልክ ገዝቼ ኢንተርኔት ሳስገባለት ቁርአን ያዳምጥበታል ብዬ ነበር፤ እሱ የቆዩ የካውቦይ ፊልሞቹን አገኘበት። ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ሆኖ ሸፋፋውን ይተረጉማል። የሚሰማው የግቢያችን ጥበቃ፣ ከሱ ብዙም የማያንሱ ሽማግሌ ናቸው። ከሥራ ደክሜ፣ መገናኛ ላይ ተሰልፌ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ ደረጃውን ስወጣ ገና ከውጭ ያ ድምፅ ይቀበለኛል። ስንት ጊዜ ስልኩን ከመስኮት ልወረውረው እንዳሰብኩ አላህ ነው የሚያውቀው።

በዚህ ዓመት ክረምት የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ላይ ቁስል ወጣ። ካልሲ ደርቦ ደበቀኝ። የነገረኝ ሽታው ነው። ሆስፒታል ስወስደው ሐኪሟ አየችና ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት አለች። ሳምንት ካለፈው ወደ ላይ ይወጣል፤ ያኔ የምናጣው እግሩን ሳይሆን እሳቸውን ነው አለችኝ፣ እሱ እየሰማ። አባቴ አልቆረጥም አለ። ሸፋፋው ስንት ጊዜ ተመታ፣ አንድ ቀን እግሩን ሲቆርጡት አይታችኋል ወይ ብሎ ተከራከራት። ሐኪሟ ሸፋፋው ዘመዳችን መስሏት፣ እሳቸውም ስኳር አለባቸው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አክስቴ በስልክ አልቅሳ ለመነችው። ሙሉ ሰው ሆኜ መጥቻለሁ፣ ሙሉ ሰው ሆኜ እሄዳለሁ አለ። አራት ቀን አለፈ፤ ጥቁረቱ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ቀረበ።

አምስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ግማሽ ቀን ውዬ ወጣሁ። ታክሲው መንገድ ተዘጋግቶበት ሲቆም ስልኬን አወጣሁና ሸፋፋውን መፈለግ ያዝኩ። አባቴ ከሚያያቸው ፊልሞች የአንዱን ርዕስ ጻፍኩ፤ የተዋናዮቹን ዝርዝር ከፈትኩ፤ ከታች፣ ከብዙ ስሞች በኋላ፣ ያ ፊት ወጣ። ስሙንም አገኘሁት። እዚህ አልጽፈውም፤ አይገባውም።

ገበሬ ቤት ነው የተወለደው። ፈረስ በመግራት ጀመረ፤ ቀጥሎ የዋናው አክተር ፈረስ ያዥ ሆነ፤ ቀጥሎ በአክተሩ ፋንታ ከፈረስ የሚወድቅ ሰው ሆነ። አወዳደቁ ስላማራቸው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ እንዲሞት ፈቀዱለት። ካውቦይ ፊልም እንደ ዳቦ በሚጋገርበት በዚያ ዘመን ጠዋት አንዱ ፊልም ላይ ሞቶ፣ ከሰዓት ሌላው ላይ ሰው ሲገድል ይውላል። አክተር ለመሆን ዕድሜ ልኩን ጠብቋል፤ አንድም ቀን አልሆነም። ካውቦዩ ሲቀዘቅዝ ወደ ቴሌቪዥን ወረደ፤ እዚያም ገደሉት። መጨረሻ ላይ ያንኑ ኮፍያውን አድርጎ የውሻ ምግብ ሲያስተዋውቅ ታየ። የሞተውም በጥይት አይደለም፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ በእርጅና፣ አልጋው ላይ ነው። የመቃብሩ ድንጋይ ፎቶ ሳይቀር አለ። ከሁሉ ከሁሉ አንድ መስመር ላይ ስደርስ ታክሲው ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ አጠገቤ ያለችው ሴት ዘወር ብላ አየችኝ። ለእናቱ አንድ ነበር። ወንድም የለውም።

ያንን ይዤ ወደ ቤት የገባሁት ለመዋጋት ነው። አባቴ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ እየተረጎመ ነበር። ጥበቃው ፊቴን ሲያዩ ነገሩ ገብቷቸው ተነስተው ወጡ። ስልኩን ከእጁ ቀማሁትና ያነበብኩትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ፈረስ ያዥነቱን፣ የውሻ ምግቡን፣ ሁሉንም። አንድ ሰው ነው፣ ወንድም የለውም፣ ለእናቱ አንድ ነው፣ እርስዎ ግን ሰፈር ሙሉ ሰው አታልለውበታል አልኩት። ሞቷል፤ እንደ ማንኛውም ሰው ሞቶ ተቀብሯል፤ እርስዎም እንደሱ ሊሞቱ ነው ብዬ የመቃብሩን ፎቶ ዓይኑ ሥር ደቀንኩለት።

ስልኩን ተቀበለኝ። አስጠግቶ አየው፣ አርቆ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ የምሩን፣ ጠየቀኝ።

«ይሄ የትኛው ነው?»

ያን ጊዜ ሠላሳ ምናምን ዓመት ጥርሴን ነክሼ ይዤው የቆየሁት ፈነዳ። እናቴ ፊልም አይደለችም አልኩት። መርዶዬን ሰው እየሳቀ ነው የነገሩኝ፣ አንድ ሌላ ቃል እንዴት ያጣሉ፣ ምን ዓይነት አባት ነዎት አልኩት። የጎረቤት በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ግድ አልሰጠኝም። አባቴ ስልኩን ደረቱ ላይ በግንባሩ ደፍቶ አስቀመጠው። ሲናገር የማይክራፎኑ ድምፅ አልነበረም፤ የቤት ድምፁን ከሰማሁት ስለቆየሁ ማን ተናገረ ብዬ ነበር።

«እንግሊዝኛ አላውቅም ነበር» አለ። «ያን ቀን አማርኛም ጠፋኝ።»

አክስትሽ ላይ ስትጠመጠሚ ሳይ እውነቱን ልነግርሽ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣልኝ እሱ ብቻ ነው፤ ሲወጣ እኔም ሰማሁት፣ ግን ከአፍ ከወጣ ከየት ይመለሳል አለ። አንቱ ስትዪኝ ደግሞ ምን እንደሆነ ገባኝ፣ ቅጣቱ ይገባኛል ብዬ ዝም አልኩ አለ። ይቅር በዪኝ አላለም። እኔም ይቅር አላልኩትም። እንዲህ ሲያወራ አንጀቴ እንዳይራራ ብዬ ወደ ጥቁሩ እግሩ አየሁ።

«ይቆረጣሉ ወይስ አይቆረጡም?» አልኩት።

እቆረጣለሁ አለ። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። ከሰው አካል የተቆረጠ ነገር አፈር ይገባዋልና እግሬን ቆሻሻ ላይ እንዳይጥሉት፤ እናትሽ ጎን አስቀብሪልኝ አለ። ወንድ ልላክ ስለው ራሱን ነቀነቀ። ራስሽ ሂጂ አለኝ፤ ቦታውንም ነገረኝ፤ ከበሩ ገብተሽ በግራ፣ ከአሮጌው ዋርካ ሦስተኛው መቃብር።

ሰኞ ጠዋት ቆረጡት። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ከገመትኩት በላይ ይከብዳል። ጥበቃው አብረውኝ ሄዱ። የመካነ መቃብሩ ዘበኛ፣ ሴት እዚህ አትወርድም ሊለኝ አፉን ከፍቶ ፊቴን ሲያይ ተወው፤ ጥበቃው ቆፈሩ። የእናቴ ድንጋይ ትንሽ ነው፤ ጽሕፈቱ በዝናብ ታጥቦ የስሟ መጨረሻ ጠፍቷል። አርባ ዓመቴ ነው፤ እሷ ከደረሰችበት ዕድሜ አልፌ መምጣቴ ነው። ምን እንደምላት ጠፋኝ። የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣም፣ ዘጋሁት። አፈሩን በእጄ መለስኩና እዚያው ቆሜ ሸፋፋውን ረገምኩት። ከዚያ ለእናቴ ፋቲሃ ቀራንላት።

ስመለስ አባቴ ነቅቷል። አንሶላውን ገልጦ ወደ ታች እያየ ነው። ቀበርሽው ወይ አለኝ፤ ጫማዬ ላይ ያለውን አፈር እያየ። ቀበርኩት አልኩ። በቀኝ በኩል አልጋው ባዶ ነው። በግራ በኩል የቀረው እግሩ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥቶ ብቻውን ተጋድሟል፤ የከሳ፣ ጥፍሩ የገረጣ ሽማግሌ እግር። እንግዳ ሰው እንደሚያይ አየው።

«ይሄስ?» አለኝ።

እግሩን በሁለት እጄ ያዝኩት። በረዶ ሆኗል። ያ ቃል ከአፌ አይወጣም ብዬ የማልኩት በሰባት ዓመቴ ነው።

«የሞተውማ ሞቷል» አልኩት። «ይሄ ወንድሙ ነው። በርዶሃል፤ ካልሲህን ላጥልቅልህ።»